የእትዬ ሙያ ዶሮ በመኮሮኒ

ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ሙያዋን ሙሉ በሙሉ ለሌላ ሰው የሰጠች ሴት የለችም። አለች የሚል ካለ ይምጣና ይሟገት። ሁላችንም እናውቃታለን፤ ወይ አክስታችን ናት፣ ወይ የጓደኛችን እናት ናት፣ ወይ መሥሪያ ቤት ኬክ ጋግራ የምታመጣው የሒሳብ ክፍሏ ባልደረባችን ናት። «እንዴት ነው የምትሠሪው?» ብትሏት አትቆጣም፣ አትደብቅም። ፈገግ ትልና «ቀላል ነው!» ትላለች። ዱቄቱን ትናገራለች፣ እንቁላሉን ትናገራለች፣ ስኳሩን ትናገራለች። ቤታችሁ ገብታችሁ ስትሞክሩት ግን ከኦቨን የሚወጣው ነገር ለበር ማስደገፊያ ካልሆነ ለሌላ አይሆንም። ተመልሳችሁ ስትነግሯት ደረቷን ትመታለች። «ውይ በሞትኩት! ቤኪንግ ፓውደሩን አልነገርኳችሁም እንዴ?»

አልነገረችንም። አንዲት ነገር አስቀርታለች። ሁልጊዜም አንዲት ነገር ትቀራለች።

እንግዲህ እነዚህ ሴቶች ማኅበር ቢያቋቁሙ ያለ ተቀናቃኝ ሊቀ መንበር የሚሆኑት እትዬ ሙያ ናቸው። እውነተኛ ስማቸው ሌላ ነው፤ በሚኖሩበት ሕንፃ ውስጥ ግን ከጥበቃው አንስቶ ኳስ እስከሚያንከባልሉት ሕፃናት ድረስ፣ ከኋላቸው ሆኖ በሌላ ስም የሚጠራቸው የለም። አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ቁመታቸው አጭር፣ አረማመዳቸው ፈጣን ነው። ብርድም ሆነ ሙቀት የማያወልቁት አንድ ግራጫ ሹራብ አላቸው፤ ሌላው ሰው በኪሱ ቁልፍና መሐረብ ሲይዝ፣ እሳቸው በሹራባቸው ኪስ የሾርባ ማንኪያ ይይዛሉ። የሰው ቤት ማንኪያ ጣዕም ያበላሻል ባይ ናቸው። ክብርትነታቸው በሕይወት ዘመናቸው የሚጠቀሙባቸው ንግግሮችም ውስን ናቸው። ከመሠራቱ በፊት «ቀላል ነው!» ይላሉ። ከተበላሸ በኋላ «እሱንማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል ብዬ ነው እኮ!» ይላሉ። ተቀመጡ ሲባሉ ደግሞ «አልቀመጥም፣ እሳት ላይ ነገር አለኝ» ይሉና ውልቅ ነው።

ከእሳቸው ቤት ሥር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መነጽር ሠሪው ይኖራል። መነጽር ሠሪው ቀኑን ሙሉ በጠባቧ ሱቁ ውስጥ በሰው ዓይን ፊት መስታወት እየቀያየረ «አሁን ይሻላል? አሁንስ?» ሲል ይውላል። የሰው ዓይን ምን እንደጎደለው ለማወቅ የሚስተካከለው የለም። ወጥ ቤት ግን ሌላ አገር ነበር። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ወደዚያ የሚገባው ውሃ ለመጠጣት ብቻ ነው። እሷ ከሞተች በኋላ የቤቱ ራት ዳቦ በእንቁላል ሆነ፣ ከዚያ ዳቦ በቲማቲም፣ ሲደክመው ደግሞ ዳቦ በዳቦ።

አንድ ልጅ አለችው፣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ዳቦ በዳቦ ሲመጣ እሷ ወደ አክስቷ፣ ማለትም ወደ እህቱ ቤት መሄድ ጀመረች። ከትምህርት ቤት በቀጥታ እዚያ ትሄዳለች፣ ትኩስ ነገር በልታ ትመጣለች፣ «ደህና አመሸህ አባዬ» ብላ ክፍሏን ትዘጋለች። ሁለት ሰው በሚኖርበት ቤት የሚሰማው የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ሆነ። የፍሪጁ ድምፅ ሲያርፍ ደግሞ ከጣሪያው በላይ የእትዬ ሙያ ነጠላ ጫማ ይሰማል፤ ከመኝታ ቤት ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ መኝታ ቤት። መነጽር ሠሪው ያንን ኮቴ ሲሰማ ውሎ አድሮ ለምዶት ነበር። የሌላ ሰው ኮቴ ግን አብሮት ሰምቶ አያውቅም፤ ይህንንም ልብ አላለውም።

አንድ ቀን እህቱ ደወለች። «ወንድሜ፣ አትቀየመኝ» አለችው። «ልጅቷ እያደገች ነው። ማታ ማታ ወግ ያለው ራት፣ ሰው ያለበት ጠረጴዛ ትፈልጋለች። ትምህርት ሲዘጋ እኔ ዘንድ ትጠቃለል።»

እህቱ ክፉ ብትሆን ይቆጣት ነበር፤ ችግሩ እውነቷን መሆኑ ነው። እሱ ግን ከሱቅ ሲመለስ መብራት የጠፋበት ቤት መክፈት ከአሁኑ ፈርቷል። ልጁ ከሄደች በዚያ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ይህንን ለማንም አልተናገረም፣ ለልጁም ቢሆን።

እትዬ ሙያ ደረጃው ላይ ያገኙት በዚያው ሰሞን ነው። የያዘውን ፌስታል በዓይናቸው መዘኑት።

«ዛሬም ዳቦ?»

«ዛሬም ዳቦ፣ እትዬ።»

«ልጅቷስ?»

«አክስቷ ቤት ትበላለች።»

ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ማንኪያ ነካ ነካ አደረጉ። «ዶሮ በመኮሮኒ ሠርተህ ታውቃለህ? በኦቨን?»

«እኔ ኦቨኑን ከፍቼውም አላውቅ።»

«ቀላል ነው! መኮሮኒውን ትቀቅላለህ። ዶሮውን ትከትፋለህ። ወተቱን በቅቤና በዱቄት ታወፍረዋለህ። ሁሉንም ትሪ ላይ ትደባልቅና ፎርማጆ ፍቀህ ትበትንበታለህ፣ ኦቨን ውስጥ ትከተዋለህ፣ አለቀ! አንተ ልብስህን ቀይረህ ዜና እስክትሰማ ይደርሳል። ከሥራ ደክሞት ለሚገባ ሰው የተፈጠረ ራት ነው።»

ማክሰኞ ሱቁን ቀደም ብሎ ዘጋ። ልጁንም «ዛሬ እኔ ነኝ የማበላሽ» ብሎ አስቀራት። መኮሮኒውን ቀቀለ፤ አቀቃቀሉም የዋዛ አይደለም፣ እንደ ዋዛ እንዳይታይበት ብሎ ጨምሮ ጨማምሮ ቀቀለው። ከኦቨን ሲወጣ መኮሮኒነቱን ረስቶ አንድ ላይ ተጣብቋል። ልጅቷ በሹካ ብታነሳው ትሪው አብሮ ተነሳ።

«አባዬ፣ ይሄ የሚበላ ነው የሚለጠፍ?»

መነጽር ሠሪው ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣ። ነገሩን ተናግሮ ሳይጨርስ እትዬ ሙያ ማንኪያቸውን መዝዘው ቀድመውት ወርደዋል። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሙ፣ ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እንደ ዳኛ ተነፈሱ።

«መኮሮኒውን እስኪበስል ቀቀልከው እንዴ?»

«ቀቅል አሉኝ፣ ቀቀልኩት።»

«ልቡ ጠንከር እንዳለ ነው እንጂ የሚወጣው! የቀረውን ኦቨኑ ይጨርሰዋል። እሱንማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል ብዬ ነው እኮ!»

«በሉ ይቀመጡ፣ እትዬ።»

«ኧረ አልቀመጥም፣ እሳት ላይ ነገር አለኝ» አሉ። ከመሄዳቸው በፊት ግን ለማረጋገጥ አንድ ማንኪያ ደገሙ። ማረጋገጡ አልበቃ ብሏቸው ሠለሱ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ መኮሮኒው ደህና ሆነ፣ ዶሮው ግን ውሃውን ለቆ ትሪውን ሐይቅ አደረገው። እትዬ ሙያ ወረዱ፣ ቀመሱ፣ ደነገጡ። «ዶሮውን ጠበስ ሳታደርገው ከተትከው? ጥሬውን?» ጠበስ አድርግ ያለው ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ ወተቱ ላይ ዱቄቱ ጓጎለ። «ወተቱ በትንሽ በትንሹ ነው እንጂ ባንዴ ይገለበጣል እንዴ? እሱንማ ሰው ሁሉ…» መነጽር ሠሪውና ልጁ አብረው ጨረሱላቸው፦ «…ያውቀዋል ብዬ ነው እኮ!»

ያን ዕለት ልጅቷ ሳቀች። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አልሰማትም ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ አክስቷ ቤት መሄዷን ተወች፤ መቼም ለምግቡ ብላ ነው አይባልም፣ በመጨረሻው ሁልጊዜ የሚበሉት ዳቦ ነበርና። የምትቀረው ለትርኢቱ ነው። ፎርማጆውን እየፋቀች የእትዬ ሙያን አረማመድ ታስመስላለች፣ ማንኪያ ከኪስ አመዛዘዛቸውንም እንዲሁ። አባትየው ደግሞ አንድ አንድ ጉርሻ እያቀመሰ «አሁን ይሻላል? አሁንስ?» ይላታል። ከሳምንቱ ቀናት አንዷ ነፍስ ዘራች። የቀሩት ግን እንደነበሩ ናቸው።

እህቱ አልተበገረችም። «ማክሰኞን ማን ጠየቀህ? የቀሩትን ቀናትስ?» አለችው። «ደግሞ የበላችሁት ዳቦ ነው አለችኝ። ትምህርቱ ተዘግቷል፤ ከሚመጣው ቀጥሎ ላለው ማክሰኞ እመጣለሁ፣ ዕቃዋን ታዘጋጅ።»

ስለዚህ በዚያኛው፣ እህቱ ከመምጣቷ በፊት ባለው ማክሰኞ፣ መነጽር ሠሪው ወጥ ቤት የገባው እንደ ቀልድ አልነበረም። መኮሮኒውን ልቡ ጠንከር ሲል አወጣ። ዶሮውን በሽንኩርት ጠበሰ። ወተቱን በትንሽ በትንሹ አፍስሶ አማሰለ። ፎርማጆውን በተነ፣ ከተተ፣ ጠበቀ። ሲያወጣው ላዩ ከሰል ነበር።

ልጅቷ አየችው። አልሳቀችም። «ይሁን አባዬ፣ ግድ የለም» አለችና ዳቦውን ወደ ራሷ ሳበች።

ይህቺ «ግድ የለም» ከከሰሉ በላይ አቃጠለችው። ትሪውን በፎጣ ይዞ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጠ ወጣ። የሚላቸውን እየወጣ ደረደረው፤ እኔ ልጄን እያጣሁ እርስዎ ይቀልዱብኛል ሊላቸው ነው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢናገሩ ምን ይጎድልብዎታል ሊላቸው ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። እጆቹ ትሪ ስለያዙ በክርኑ ገፋው።

በሩ ፊት ለፊት ወጥ ቤቱ ነው። ምድጃው ላይ ፕላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ ተዘርግቷል፤ በላዩ ሬዲዮና ሁለት የአበባ ማሰሮ ተቀምጠዋል። የኦቨኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ በውስጡ በሥርዓት የተተኮሱና የተጣጠፉ አንሶላዎች ተደርድረዋል። እትዬ ሙያ አንድ የትራስ ልብስ ሊጨምሩበት ጎንበስ ብለዋል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ሻይና የተቆረሰ ዳቦ አለ። ዳቦው ውስጥ ምንም የለም። ዳቦ በዳቦ ነው።

ቀና ብለው አዩት። «እሳት ላይ…» ብለው ጀመሩና፣ ዓይናቸው የአበባ ማሰሮዎቹ ላይ ሲያርፍ ተዉት።

መነጽር ሠሪው የደረደረው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። ያን ሁሉ ጊዜ በራሱ ላይ ሲመላለስ የኖረው ኮቴ ያንድ ሰው ብቻ እንደነበር ያኔ ገባው። ማክሰኞ ማክሰኞ «ለማረጋገጥ» የተባለውም ሁለተኛና ሦስተኛ ማንኪያ ምን እንደነበር ገባው፣ አዘነም።

እትዬ ሙያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሲቀመጡ አይቷቸው አያውቅም ነበር።

«ልጄ አግብታ ሌላ ከተማ የገባች ጊዜ በየሳምንቱ ትደውልልኝ ነበር» አሉት። «‹እማዬ፣ ያ ዶሮ በመኮሮኒ እምቢ አለኝ› ትላለች። እኔ አንዲት ነገር እነግራታለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ትደውላለች፣ ሌላ አንዲት ነገር እነግራታለሁ። በመሀል ሌላውንም እናወራለን፤ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጥርሷ፣ ስለ አማቷ። አንድ ቀን እንግዳ መጥቶባት ስትጨነቅ ሆዴ አልችል አለና ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘርግፌ ነገርኳት። ‹እማዬ ተሳካልኝ!› ብላ ደወለች። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።» ማንኪያቸውን አውጥተው በሹራባቸው ጫፍ ወለወሉት። «ከዚያ ወዲያ የምትጠይቀኝ አጣች። ክፉ ልጅ እንዳትመስልህ፤ ሥራ አለባት፣ ልጆች አሉባት። የምትጠይቀው ነገር ነው ያለቀባት።»

ሊጣላ የመጣው ሰው ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እትዬ፣ ላዩ አረረብኝ።»

ጎንበስ ብለው አዩት። «ፎይል አላለበስከውም?»

«አላለበስኩትም።»

«እሱንማ ሰው ሁሉ…» አሉና አቆሙ።

«ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እኔ አላውቅም፣ እትዬ» አላቸው። «ለማክሰኞ እህቴ ልጄን ልትወስድብኝ ትመጣለች። ራት እንኳ የሌለበት ቤት ነው ብላ። ሐሰት ነው ልላት አልቻልኩም።»

እትዬ ሙያ ለረጅም ጊዜ ማንኪያውን አገላበጡት። ከዚያ ተናገሩ። ፎይሉን ማልበስ፣ መጨረሻ ላይ ገልጦ ቡና ዓይነት መልክ እስኪያወጣ ብቻ መጠበቅ። መኮሮኒው የተቀቀለበትን ውሃ ሁሉን አለመድፋት፣ አንድ ጭልፋ አስቀርቶ መጨመር፣ ድርቀቱን የሚያጠፋው እሱ ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ከቀይ ሽንኩርቱ በኋላ፣ ቁንዶ በርበሬው ከወተቱ ጋር። ከኦቨን ሲወጣ ወዲያው አለመቁረስ፣ ትንሽ ማሳረፍ። አንድም ሳያስቀሩ ነገሩት።

በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። «የቀረ ነገር አለ፣ እትዬ?»

«የለም፣ ልጄ። ሁሉንም ነገርኩህ» አሉት። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ቅጥን ብሎ ነበር።

ማክሰኞ እህትየው ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። ሻንጣውን ኮሪደሩ ላይ አቁማ «ለራት አልቆይም» አለች፤ ያን ጊዜ ኦቨኑ ተከፈተ። ሽታው ብቻውን አስቀመጣት። መነጽር ሠሪው ትሪውን አሳረፈ፣ ቆረሰ፣ አቀረበ። መኮሮኒው መኮሮኒ ነበር፣ ዶሮው ዶሮ፣ ላዩም ወርቅ የመሰለ። ልጅቷ አንድ ጎረሰችና አባቷን በዓይኗ ጠቀሰችው። እህትየው ዝም ብላ በላች፣ ዝም ብላ ሳህኗን ዘረጋች፣ ጨመረላት።

«ማነው ያስተማረህ?»

አባትና ልጅ ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። ከላይ ነጠላ ጫማው ከመስኮት ወደ መኝታ ቤት ሄደ፣ ተመለሰ። ሌላ ማክሰኞ ቢሆን ይህን ጊዜ ለአቤቱታ ወጥቶ ነበር። ዛሬ የሚያቀርበው አቤቱታ የለም፤ ሁሉም ነገር ተሳክቷል። መነጽር ሠሪው ሹካውን አስቀመጠ።

ያየውን ሁሉ ለልጁ ነግሯት ነበር፤ ምድጃውንም፣ አንሶላዎቹንም፣ የስልኩንም ነገር። ልጅቷ ተነስታ ወጣች። ብዙም አልቆየች፤ እትዬ ሙያን በሹራባቸው እጅጌ እየጎተተች ይዛቸው ገባች።

እትዬ ሙያ እንደ ወትሯቸው ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ማንኪያቸውን አወጡ፣ ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በምላሳቸው ስህተት ፈለጉ። እንደገና ቀመሱና ፈለጉ። አጡ።

«ምንም አልጎደለው» አሉ ቀስ ብለው። ማንኪያቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «ጎበዝ፣ ተምረሃል። እንግዲህ እኔ ልሂድ፣ እሳት ላይ ነገር…» ዓይናቸው ከመነጽር ሠሪው ዓይን ጋር ተጋጨና የቀረውን እጃቸውን በማወናጨፍ ብቻ ጨረሱት።

መነጽር ሠሪው መዋሸት አይችልበትም፤ ዕድሜውን ሙሉ «አሁን ይሻላል?» ብሎ እውነቱን ሲሰማ የኖረ ሰው ነው።

«አንዲት ነገር ይጎድለዋል» አለች ልጁ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። እሷ በእርጋታ እያኘከች ነው።

«ምን?» አሉ እትዬ ሙያ።

«እኔ እንጃ። እርስዎ ነዎት የሚያውቁት። ግን ቆመው ሲቀምሱ አይታወቅም፣ እትዬ። በሳህን ነው፣ ተቀምጠው።» ወንበር ሳበችላቸው።

እትዬ ሙያ ወንበሩን አዩት። ወደ በሩም አዩ። ተቀመጡ። ሳህን ቀረበላቸው፣ በራሳቸው ማንኪያ በሉ፤ ሳይቸኩሉ፣ ሳህኑ ነጭ እስኪሆን። ከዚያ አፋቸውን ጠርገው፣ ጀርባቸውን አቅንተው፣ ሊቀ መንበርነታቸውን መልሰው ተረከቡ።

«እውነቷን ነው» አሉ። «አንዲት ነገር ይጎድለዋል። ዛሬ ግን አልናገርም።»

«መቼ ይነግሩናል?»

«ማክሰኞ።»

ልጅቷ ወደ አክስቷ ዞረች። «አክስቴ፣ ማክሰኞማ ከዚህ ልጠፋ አልችልም። ሳልሰማ?»

«ሌላውን ቀንስ?» አለች አክስትየው።

«ሌላውን ቀን አባዬ ይለማመዳል። የሚቀምስለት ሰው ያስፈልገዋል።»

አክስትየው ወንድሟን አየችው። እሱ ሳህኑ ላይ አቀርቅሯል፤ መነጽሩ በምግቡ እንፋሎት ይሁን በሌላ ደብዝዞበታል። ሳህኗን ለሦስተኛ ጊዜ ዘረጋች። ስትሄድ ሻንጣውን እንዳመጣችው ባዶውን ይዛው ወረደች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ማክሰኞ አልፏል። እትዬ ሙያ ያቺን አንዲት ነገር እስከ ዛሬ አልነገሯቸውም። ዕድሜ ይስጣቸውና፣ አይንገሯቸው።